የኤርሜሊንዳ የመጨረሻ ታማሌዎች

በነሐሴ ሙቀት የሰፈሩ ትራንስፎርመር እንደ መድፍ ጮኾ ፈነዳና መብራት ጠፋ። የሰሜን ሜክሲኮዋ ሞንክሎቫ በዚያ ወር ምጣድ ናት፤ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ደጅ ወጣ። ኔሬይዳ ግን መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ፍሪዘሩ ነበር።

ለዚያ ቤት ገና እንግዳ ናት። ከቬራክሩዝ፣ ከባሕሩ ጠረፍ፣ ጋቢኖን አግብታ ከመጣች ወራት ቢሆናት ነው። የባሏን እናት፣ ኤርሜሊንዳን፣ በሕይወት አልደረሰችባቸውም። ሴትዮዋ በየካቲት አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ሳይነሡ ቀሩ፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ የጋቢኖ አባት ዶን ኤባሪስቶ ጠዋት ፀጉር ቤታቸውን ይከፍታሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ የቀረበላቸውን ነካ ነካ አድርገው ይተኛሉ።

ከሰዓት በኋላ ከፍሪዘሩ ሥር ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ። ኔሬይዳ ሥጋውን ለጎረቤት አደለች። ከሁሉም በታች፣ በረዶ ተጋግሮበት፣ በጨርቅ የታሰረ ከረጢት አገኘች። ስትፈታው ከበቆሎ ሊጥ የተሠሩ፣ በደረቀ የበቆሎ ቅጠል የተጠቀለሉ ታማሌዎች ናቸው። በጣቷ ጫን ብታደርጋቸው ዳር ዳሩ ለስልሷል። በዚህ ሙቀት ከቀለጠ በኋላ ተመልሶ ወደ በረዶ እንደማይገባ ታውቃለች፤ ወይ ዛሬ ይበላል፣ ወይ ይጣላል።

ትልቁን ድስት አወረደች። ከታች አንድ ሳንቲም ጣለችበት፣ ውኃ ጨመረች፣ ወንፊቱን አስቀመጠችና ታማሌዎቹን አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ አቆመቻቸው። በላያቸው እርጥብ ጨርቅ ሸፍና ጋዙን ለኮሰች። ውኃው ሲፈላ ሳንቲሙ መንኳኳት ጀመረ። ድምፁ ዝም ካለ ውኃው አልቋል ማለት ነው፤ እናቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነው። ጥቂት ቆይቶ የበቆሎውና የበርበሬው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሽማግሌው ዛሬ እንኳ ደህና ይበሉ ይሆናል ብላ ደስ አላት።

ዶን ኤባሪስቶ ሽታው ያገኛቸው አጥሩ በር ላይ ነው። ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

“ማን መጣ?” አሉ።

“ማንም አልመጣም አባባ። ታማሌ እያሞቅኩ ነው።”

ድስቱን አዩ። ከዚያ ሄደው ፍሪዘሩን ከፈቱና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ወለሉን ዳሰሱ። ውኃ ብቻ ነበር። ክንዳቸው እየተንጠባጠበ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ኔሬይዳ ሙቀቱ የጣላቸው መስሏት ውኃ ልትቀዳ ስትሮጥ ጋቢኖ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታውን ጨርቅ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ ነገራት። እናቱ ከመሞታቸው በፊት ለገና የሠሯቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። አባቱ እሑድ እሑድ ፍሪዘሩን ከፍተው ከረጢቱን በእጃቸው ነካ ያደርጉና ይዘጉታል። ይህን ለኔሬይዳ የነገራት ሰው አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሽማግሌው ግን ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። “አታልቅሺ ልጄ” አሏት። “ባታሞቂያቸውም ይበላሹ ነበር። አቅርቢ።”

ተቀመጡ። አማትበው ቅጠሉን ፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ጋቢኖና ኔሬይዳ ያዩዋቸዋል። ዶን ኤባሪስቶ ዓይናቸውን ገለጡ። ማኘካቸውን አቆሙ፣ እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቆሙ።

“ይሄ የእሷ አይደለም።”

ጋቢኖ በረዶ ውስጥ ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣል ሊላቸው ሞከረ።

“ከሙን አለው” አሉ። “እናትህ ከሙን በደጇ አታስደርስም ነበር። ይሄ የሶሌዳድ እጅ ነው።”

ሶሌዳድ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ድሮ ሁለቱ ቤቶች ገናን አብረው ይበሉ ነበር። ዶን ኤባሪስቶ ወደ ግቢያቸው የዘለቀውን የሶሌዳድን የበለስ ዛፍ ከቆረጡ ወዲህ ግን የእግዜር ሰላምታ እንኳ ቀርቷል፤ ጋቢኖም ያደገው በዚያ ኩርፊያ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው የተነከሰውን ታማሌ እንደያዙ ወጡ። ጋቢኖና ኔሬይዳ ተከተሏቸው። ሶሌዳድ ደጃቸው ተቀምጠው በካርቶን ያራግባሉ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሏቸው ዶን ኤባሪስቶ።

“ታማሌ ነዋ። ዓይንህ ከደከመ የሰው ጆሮ ሳትቆርጥ መቀስህን ስቀል።”

“ማን ነው የሠራው?”

የካርቶኑ እንቅስቃሴ ቆመ። ሶሌዳድ መጀመሪያ ጋቢኖን፣ ቀጥሎ ታማሌውን አዩ፤ ከዚያ ሸሽጎ መኖሩ የሰለቸው ሰው በሚናገርበት ድምፅ ተናገሩ። የገና በዓል ሲቃረብ ኤርሜሊንዳ ከዚያ ሁሉ ዓመት ኩርፊያ በኋላ በጓሮ በኩል መጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያ አይጨብጥም። ልባቸው ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። በገና ታማሌ ከሌለ ኤባሪስቶ መታመሜን ያውቃል፣ አሉ። ስለዚህ ዶን ኤባሪስቶ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤት ሲሄዱ ሶሌዳድ እየገቡ ሊጡን አቦኩ፣ ጠቀለሉ። ኤርሜሊንዳ ተቀምጠው ያዝዛሉ።

“ከሙን እንዳታደርጊ አለችኝ” አሉ ሶሌዳድ። “እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ጣል አደረግኩበት። አንተ ገናን ሙሉ በላህ፣ ጣትህን ላስክ። ምንም አላወቅክም።”

ጋቢኖ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እሱም ያን ገና በልቶ፣ እናቱን አመስግኖ፣ ግንባራቸውን ስሞ ነበር።

“እንደምትሞት ታውቅ ነበር?” አሉ ዶን ኤባሪስቶ።

“ታውቅ ነበር።”

“ለአንቺ ነግራ ለእኔ …”

“ዛፌን የቆረጥከው አንተ ነህ፤ እሷ ምን አደረገችኝ? ለእሱ ብነግረው ቀድሞኝ ይሞታል አለች።”

“ፈርታ ነበር?”

ሶሌዳድ መዋሸት ይችሉ ነበር። ኔሬይዳም በልቧ እንዲዋሹ ለመነች።

“አዎ” አሉ። “እኔ ሳቦካ እሷ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር የምትቀመጠው። ፈርታ ነበር።”

ሽማግሌው ታማሌውን በሶሌዳድ ጭን ላይ አስቀምጠው ቤታቸው ገቡና ክፍላቸውን ዘጉ። የቀረውን ምን እንደምታደርገው ጨንቋት ኔሬይዳ ስትቆም፣ ሶሌዳድ ትኩስ ሳለ አምጪው አሏት፤ ደጅ ለተቀመጠው ሰው አደሉት። ሰዉ የማንን እንደሚበላ ሳያውቅ እያመሰገነ በላ።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። ዶን ኤባሪስቶ ግን ለብዙ ጊዜ ወደ ራሳቸው አልተመለሱም ማለት ይቻላል። ፀጉር ቤቱን ይከፍታሉ፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ራሳቸው በደንበኛው ወንበር ተቀምጠው መስተዋቱን ያያሉ። ከዓመታት ትዳር በኋላ አንዲት ሴት አጠገባቸው ሆና እንዲህ ስትፈራ እንዴት አላዩም?

መስከረም ላይ፣ ፀጉር ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞ፣ ተላጭተው ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱና ሶሌዳድ ቤት አንኳኩ። ስለ ዛፉ ይቅርታ አልጠየቁም፣ ሶሌዳድም አልጠበቁም። እነዚያን ጠዋቶች ኤርሜሊንዳ ምን ምን ስታወራ እንደነበር ከመጀመሪያው ንገሪኝ አሉ።

ሶሌዳድ ባቄላቸውን እየለቀሙ ጀመሩ። ኤርሜሊንዳ ልጅ ሳሉ የሰርከስ ሰዎችን ተከትለው ሊጠፉ ሻንጣ አዘጋጅተው እንደነበር፣ የባላቸውን ወንድም ምን ያህል እንደሚጠሉ፣ በሠርጋቸው ቀን ጫማ ጠቧቸው እንዳለቀሱ። ዶን ኤባሪስቶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን በትንሹ ከፍተው ሰሙ። ከዚያ ሁሉ አንዱንም አያውቁም ነበር። ሶሌዳድ ለዛሬ ይብቃን ሲሏቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።