የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር

«ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልክ። መልስ ካጣህ አጣሁ በል፤ ተሸነፍኩ ማለት ነውር የለውም።»

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ስልክ በመዳፏ ይዛ ይህን ሁለቴ አነበበችው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ሻይ ይቀዳል፤ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ድምፁን ዝቅ ማድረግ እምቢ ያለው ይህ ስልክ ብቻ ነው። የሚጽፈው ራሱን «ሚዛን» ብሎ የሰየመ፣ መልኩን ያላሳየ፣ ከባሏ ጋር ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ ሲነታረክ የኖረ ሰው ነው። ተከራካሪው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ መሆኑን አልሰማም።

«ምናለ ብታጠፊው እህቴ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«ድምፁ በየት በኩል እንደሚጠፋ መች አሳየኝና።»

ሙት ወቃሽ መሆን ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ግን ተናዳለች። ሰው እንዴት ክርክር ጀምሮ፣ ለሚስቱ ጥሎላት ይሞታል?

ባሏ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ነበር። የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሚለቅመው አጣ። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ አገኘ። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ቴክኖሎጂ ንግግር አለ በተባለ ቁጥር ፊተኛው ወንበር ላይ እሱ አለ። ቤት ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የግል አስተያየቱን ይጽፍና «ሰምቼ መጣሁ» በሚል ርዕስ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ያልነካው ሰው አልነበረም። ሠርግ ቤት እንኳ አንዱ ጠጋ ብሎ «ባልሽ ስለ እኔ የጻፈውን አየሽ?» ይላታል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ትለው ነበር፤ ሁለቱም ደርሶበታል።

ከማውጣቱ በፊት ግን ያነብላታል። እሷ ካውያዋን እየገፋች ትሰማለች። ጽሑፉ ደህና ይሄድ ይሄድና መጨረሻው ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፤ እንደ መርፌ የምትወጋ።

«የመጨረሻዋን አውጣት» ትለዋለች ቀና ሳትል።

«እሷ እኮ ናት ዋናዋ።»

«አውጣት።»

እያጉረመረመ ይሰርዛታል። ልብስ ሰፊ ትርፍ ክር አይታ አታልፍም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አንድም ጽሑፍ ሳያነብላት ገጹ ላይ አላወጣም፤ ከመጨረሻው በቀር።

ባሏ የሰማውን የመጨረሻ ንግግር ያደረገው የእህቷ ልጅ ነበር። ኮምፒውተር ያጠና፣ ጨዋ ሰው ነው። አንድ የሞተ ሰው በሕይወቱ የጻፈውን ሁሉ አንብቦ ልክ በእሱ አነጋገር የሚመልስ ማሽን ሠርቶ አሳየ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አራሚው ተነሣና «ሟቹን አስፈቀዳችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ የእህቷን ልጅ ላብ አጠመቀው።

«ለአንድ ቀን አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት? የእህቴ ልጅ እኮ ነው» አለችው ቤት ሲገቡ።

«ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።»

አኮረፈችው። ጽሑፉን ይዞ መጥቶ ካውያው አጠገብ ቆመ። መተኮሷን ቀጠለች። ትንሽ ጠበቀና ሄደ። በአራተኛው ቀን፣ ኩርፊያው ሳይፈታ፣ ልቡ ቀጥ አለች።

«አንብብልኝ» ብትለው አንድ ቃል ነበር። የሚያንገበግባት ይህ ነው። ጽሑፉን እስካሁን አላየችውም። ተቆጥቶ ጽፎት ቢሆንስ? ያለ እሷ መቀስ የወጣው ቃሉ ያ ብቻ ነው፤ ፈራችው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ይኼኔ የእህቷ ልጅ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዐይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል።

«አክስቴ፣ ይህ ሰውዬ በጋሼ ላይ ሲፎክር ዝም ብለን እንየው? ጋሼ የጻፈውን በሙሉ ለማሽኑ ሰጥቼዋለሁ። መልስ አዘጋጅቷል። አንቺ እሺ ካላልሽ ግን አይወጣም። ይኸው ዛሬ አስፈቅጃለሁ።»

ጎረቤቷ ራሷን ነቀነቀች። «ይመልስለት እንጂ። ተሸነፈ ከሚባል።»

ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን ሳይሆን ልጁን አየችው። በክፋት አልነበረም። እሷም የባሏን ድምፅ አንዴ መስማት አምሯታል፤ አይካድም።

«አንብብልኝ» አለች። ቃሉ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው።

አነበበላት። «ወዳጄ ሚዛን፣ ዝምታን ሽንፈት ያደረገው ማነው? ማሽን ቃል ይመልሳል፤ ለተናገረው ግን አያፍርም። ሰው የሚያሰኘን ማፈራችን ነው…» የባሏ የማተሚያ ቤት ጓደኛ «እሱው ነው፤ ቁርጥ እሱ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ፣ ቀኝ እጇ ካውያ እንደያዘ ሁሉ ጭኗ ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ፣ የመጨረሻዋን ጠበቀች።

«ቀጥል እንጂ» አለች።

«አልቋል አክስቴ።»

«የመጨረሻዋስ?»

«የመጨረሻዋ ይችው ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ለቀስተኛው ደነገጠ፤ ጎረቤቷ እጇን ያዘቻት። ሳቁ እዚያው መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ።

«ይህ እሱ አይደለም ልጄ። ይህ እኔ ቆርጬው የተረፈው ነው። ማሽንህ ያየው እኔ ያሳየሁትን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውጣት ያልኩትን ከየት ያምጣው? እኔም ከዚህ ጨዋ ሰውዬ ጋር አልኖርኩም። የኖርኩት ከዚያኛው ጋር ነው።»

የእህቷ ልጅ ኮምፒውተሩን ቀስ አድርጎ ከደነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «መጀመሪያ ላሳይሽ ይገባኝ ነበር፤ ስለ እኔ ንግግር የጻፈውን አንብበሻል?» አላት።

«አላነበብኩም።»

ስልኩን ተቀብሎ ፈልጎ ሰጣት። መነጽሯን አደረገች።

«ሰምቼ መጣሁ። ተናጋሪው የቤታችን ልጅ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ አፈርኩበት ብል ውሸት ነው። እኔ ስሞት ግን ማንም በእኔ ስም አይመልስ። ያልቋጨሁት ክርክር ካለ ተሸነፈ በሉኝ፤ ከመቃብር ወጥቼ አልከራከርም። ይህችን የመጨረሻዋን ባለቤቴ አውጣት ትለኝ ነበር፤ ዛሬ አኩርፋኛለች፣ ስለዚህ ትቆይ፤ ስትታረቀኝ ታወጣታለች።»

እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ማስተካከል ይቻላል» አላት የእህቷ ልጅ ዝቅ ብሎ። «እዚህ ጋ ከነካሽው ትወጣለች።»

ጣቷ እስከ ቦታው ሄደና ተመለሰ። «ትቆይ» አለች።

ከዚያ ለሚዛን በራሷ እጅ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች። «እኔ ሚስቱ ነኝ። ዝም ያለው ሞቶ ነው። ተሸነፈ በሉኝ ብሏልና በለው። አንተ ግን በቁምህም የረባ ነገር ስትናገር አልሰማንህም።»

በትከሻዋ በኩል ስታነብ የነበረችው ጎረቤቷ ክንዷን ነካ አደረገቻት። «የመጨረሻዋስ ብትቀር? ሰውዬው ያዝናል።»

«እሷ እኮ ናት ዋናዋ» አለችና ላከችው። ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ድምፁን ሳታጠፋም ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ሸፈነችው።