ስሟ ዙቤዳ የሆነች ሴት

ልድያ ሪያድ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ነርስ ናት። መርፌ ስትይዝ እጇ ንቅንቅ አይልም፤ ፈረንሳይኛ ላይ ግን ምላሷ ይተሳሰርባታል። ፈተናው ደግሞ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ካለፈች ከባሏ ከዓለማየሁና ከትንሿ ልጃቸው ከሮማን ጋር ካናዳ ይገባሉ። ከወደቀች የሁለቱም የሥራ ውል በክረምት ያልቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ኢቃማም አብሮ ያከትማል፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሉ አንድዬ ይወቅ።

ያስቸገሯት አራት ቃላት ናቸው፤ ኪ፣ ከ፣ ዶን፣ ኡ። እኛ አንዲቷን «የ» ይዘን ስንት ዘመን ኖረናል! ፈረንሳዮች ግን ላደረገው አንድ፣ ለተደረገበት ሌላ፣ ለቦታው ሌላ፣ «የእሱ» ለሚባለውም ሌላ ቃል አበጁለት። ምን ይደረግ፣ የሰው አገር የሚገባ ሰው የሰውን ጣጣ መሸከሙ አይቀርም። በኢንተርኔት የሚያስተምራት ኢስማኤል የሚባል የቱኒዝ ሰው አንድ ዘዴ ነገራት። በየቀኑ የምታይውን አንድ ሰው ያዢ፣ ምላስሽ እስኪፈታ ድረስ ስለ እሱ በአራቱም ቃላት አውሪ አላት።

በየቀኑ የምታያት ዙቤዳን ነው። ዙቤዳ የላስታ ልጅ ናት፤ ሮማንን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ስትሆን፣ መላዝ ሰፈር ካለው ቤታቸው ከገባች ሦስት ዓመት አልፏታል። ከፊሏ፣ ማለትም በሕግ አሠሪዋና ዋሷ፣ ዓለማየሁ ነው። ልድያ ፈተናው ለሆስፒታል ሥራ ነው ብላ ዋሽታታለች። እውነቱን ልትነግራት ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ መልሳ ዘግታዋለች። እነሱ ሲሄዱ የምትቀረው ዙቤዳ ናታ፤ ይኼን ፊት ለፊት መናገር አቃታት።

ዓርብ ጠዋት ዙቤዳ ወጥ ቤት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ልድያ ከአጠገቧ ደብተሯን ዘርግታ ታነበንባለች። ዙቤዳ ስለ እኔ ከሆነማ በአማርኛም ልስማው ስላለች፣ ልድያ እያንዳንዷን እየተረጎመች ቀጠለች። ልጄን የምታሳድግ ሴት፤ ልጄ የምትወዳት ሴት፤ እሷ ያለችበት ቤት። ዙቤዳ ፈገግ እያለች ጠጠሩን ትጥላለች። በመጨረሻ «ዶን» መጣች፦ ስሟ ዙቤዳ የሆነች ሴት።

«ይቺኛዋ ልክ አይደለችም፣ እትዬ» አለች ዙቤዳ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

ልድያ ሳቀች። ፈረንሳይኛ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ቀለደችባት።

«ፈረንሳይኛውንማ የት አውቄው። ስሙ ነው ልክ ያልሆነው። እኔ እማዋይሽ ነኝ።»

ከዚያ ቀስ እያለች ተረከችላት። ለሳውዲ ቪዛ የሙስሊም ስም ይቀናል ብሎ ደላላው ፓስፖርቷን በዙቤዳ አወጣላት። ማተቧን በገዛ እጇ በጠሰችና ሻንጣዋ ገበር ውስጥ ሰፋችው። የክርስቲያን ቤት ስትገባም መናገር ፈራች። ኢቃማዋን በዚያው ስም ያወጣላት ከፊሏ ነው፤ ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ቢሰማ ተርሒል ናት፣ ተጭና ወደ አገር። ስለዚህ ሦስት ረመዳን ጾመች፣ ሦስት ሁዳዴም ወተት ያመኛል እያለች ደብቃ ጾመች።

ልድያ መጀመሪያ ትዝ ያላት ፋሲካ ነበር። ዙቤዳን የክርስቲያን ሥጋ እንዳይከብዳት ብላ፣ ዓለማየሁ ያረደውን ዶሮ በየዓመቱ ልድያ ራሷ ትሠራ፣ ለዙቤዳ ለብቻዋ ዓሣ ትጠብስላት ነበር። በዚህ ጥንቃቄዋም ትኮራ ነበር።

«ሦስት ፋሲካ ሙሉ ዓሣ ስሰጥሽ ዝም አልሽ?»

«የዶሮው ሽታ አልቀረብኝም» አለች እማዋይሽ።

ልድያ አፈረች። አገሯን፣ ቋንቋዋን የምትጋራ ሴት ሦስት ዓመት ጓዳዋ ስትኖር አንድም ቀን ሕይወቷን ጠይቃት አታውቅም።

የፈተናው ዕለት፣ ፈታኟ ለአንቺ ትልቅ ቦታ ስላለው ሰው ንገሪኝ አለቻት። ልድያ ስለ እናቷ ያጠናችውን ትታ ስለ እማዋይሽ ተናገረች። አራቱ ቃላት ሳትጠራቸው መጡላት። ፈታኟ ደስ ብሏት ሰማቻትና ሌላ ጥያቄ አከለች፤ እናንተ ስትሄዱ ይህች ሴት የት ትገባለች አለቻት። ልድያ አላውቅም አለች።

ውጤቱ በሰሙነ ሕማማት መጣ፤ አልፋለች። የፋሲካ ለት ዶሮውን የሠራችው እማዋይሽ ናት፣ ከእነሱ ጋር ማዕድ ቀርባም በላች። ሮማን ከዚያች ዓርብ ወዲህ የምትጠራት «እማዋ» ብላ ነው፤ ሥጋውንም በትንሽ እጇ እየቆራረሰች ታጎርሳታለች። ሳህኑ ሲነሳ ልድያ ጨክና ስለ ካናዳ ነገረቻት።

እማዋይሽ አልደነገጠችም። «አውቃለሁ። የካናዳ ወረቀት የተከመረበትን ጠረጴዛሽን የምወለውለው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ እያወቅሽ ስታስጠኚኝ ከረምሽ?»

«ልጅቷ ጥሩ ቦታ እንድታድግ ብዬ ነው።»

ልድያ አለቀሰች። አብራት የምትሠራ ደግ ሴት እንዳለች፣ ባሏ ከፊል ሊሆናት እንደሚችል፣ ራሷ ሄዳ እንደምታነጋግራት ነገረቻት።

«ኢንሻአላህ» አለች እማዋይሽ ሳህኖቹን እየደራረበች። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስለ እኔ ስትነግሪያት ዙቤዳ በይኝ።»

ልድያ እሺ አለች። ከሳሎን ሮማን «እማዋ!» እያለች ትጣራለች።