ስክሪን ውሃ አይወድም

በእኛ ማተሚያ ቤት ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፤ «ስክሪን ውሃ አይወድም።» ያወጡት አባባ ናቸው። ቤቱን ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ጠረጴዛ ሲከፍቱ፣ ስክሪን የምንለውን፣ ፍሬም ላይ የሚወጠረውን ወንፊት ጨርቅ የሚቀቡት ቅብ ውሃ ሲነካው ይሟሟ ነበር። ስለዚህ ቀለም የሚጠረገው በቲነር ብቻ ሆነ። ኋላ ቅቡም ተለወጠ፣ ቀለሙም ተለወጠ፤ ሕጉ ግን ንቅንቅ አላለም።

እኔ የታተመ ቲሸርት አጣፊ ነኝ። የሚያጥፍ ሰው እጁ ይሠራል፣ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው፤ የቤቱን ነገር ሁሉ እሰማለሁ። ያን ቀን የሆነውንም እንዳየሁትና እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

የታዘዝነው ሦስት መቶ ቲሸርት ነበር። ላያቸው ላይ የምትታተመው ጎጆዋን የምትሠራ ወፍ ናት፤ አባባ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር በብዕር የሳሏት። አንዷ የሣር ክር ከፀጉር አትወፍርም። ሥዕሉ ራሱ ከጠፋ ቆይቷል። ስክሪኑ የተሠራበትን ፊልም፣ ወፏ በጥቁር የታተመችበትን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ደግሞ፣ ባለፈው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ አበላሸው። ከቲሸርት ላይ ፎቶ አንስተን ሞክረን ነበር፤ ጨርቅ ቀለም ስለሚጠጣ መስመሩ ወፈረና ወፏ ያበጠ ትራስ መሰለች። እንግዲህ ወፏ የቀረችው በአንድ ስክሪን ላይ፣ ቅቡ ባልደፈናቸው ቀጫጭን ክፍተቶች ብቻ ነው። አባባ ሌላ አይስሉም። ማንኪያ እንኳ አፋቸው ሳይደርስ ግማሹ ይፈስባቸዋል።

አታሚው የአባባ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከጥድፊያው የተነሣ ሮኬት እንለዋለን። መቶ ሰማንያውን እንዳተመ ስልኩ ጮኸ። እጮኛው ናት። «አምስት ደቂቃ» ብሎ ወጣ። የሮኬት አምስት ደቂቃ ደግሞ ምሳ ተበልቶ እጅ የሚታጠብበት ነው። ስክሪኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ቢያደርግ ኖሮ ምንም ባልሆነ። ግን ውሃ በሕግ ክልክል ነው፤ እንዲሁ ትቶት ሄደ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ዞራ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

ሲመለስ ቀለሙ ወንፊቱ ውስጥ ደርቋል። አጎንብሶ በቲነር ይፈትግ ጀመር። ቀለሙ በመልቀቅ ፈንታ ማስቲካ ሆነ። ጨነቀውና ከመደርደሪያው እንደ ውሃ የጠራ ነገር ያለበት ጠርሙስ አነሣ።

«ሮኬት፣ አስቀምጠው።»

ከማጠቢያ ክፍሉ እጇን እያራገፈች የወጣችው የአባባ ምራት ናት፣ የታላቅየው ሚስት። ሥራው ካለቀ ስክሪን ላይ ቅቡን የምታጥበው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ቲነሩ እኮ እምቢ አለ።»

«የያዝከውን ታውቀዋለህ?»

«ማጽጃ ነዋ።»

«ቅቡን የሚያነሣው ነው። አንዴ ካፈሰስክበት ቀለሙም ይሄዳል፣ ወፏም ተከትላው ትሄዳለች።»

ሮኬት ጠርሙሱን የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጠው። ይሄኔ አባባ በምርኩዛቸው ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ አልተቆጡም። መቆጣታቸው ይሻለን ነበር።

«ቲነር ጨምሩበት» አሉ።

«አባባ፣ ያባሰው ቲነሩ ነው» አለች ምራትየዋ። «ይሄ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው። የሚለቀውም በውሃ ነው።»

«ስክሪን ውሃ አይወድም።»

«ያኔ አይወድም ነበር።»

ማጠፌን አቆምኩ። በዚያ ቤት ለአባባ «ያኔ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ብትጠፋስ?» አሉ ዝግ ብለው። «እኔ እኮ አልደግማትም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባባ። ግን ቆመን ባወራን ቁጥር እየጠነከረ ነው።»

አባባ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። «በይ። እኔ ግን አላይም።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንተ እሷ የምትሠራውን ትነግረኛለህ» አሉ።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ በአሮጌ የስልክ ካርድ ላዩ ላይ የቀረውን ቀለም ጠረገች፤ ብረት ወንፊቱን ይቀደዋልና አልነካችም። ከዚያ ሥዕል በሌለበት ጥግ ላይ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ጠብ አደረገችና ጠበቀች። ቅቡን በጣቷ ነካችው። አልሟሟም፣ አላዳለጠም። ቀጥላ ሁለት ጨርቅ በዚያው ውሃ ነክራ ጨመቀች፤ አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከላይ አለበሰችው።

«አሁንስ?» አሉ አባባ ለግድግዳው።

«ተቀምጣለች።»

«ምን ማለት ነው ተቀምጣለች?»

«ጨርቁን እያየች ነው። እየጠበቀች ነው።»

ሮኬት ጥፍሩን እየነከሰ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይና ጨርሺን» አላት።

«አንተ እንቁላሉን ጠብሰኸዋል እኮ። አሁን ምን እግር አለው?»

አባባ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ከጀርባ አይታወቅም። እኔም ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አጭር ጸሎት አደረስኩ፤ ለወፍ ሥዕል ይጸለያል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጨርቁን ገለጠች። አልፈተገችም። ከሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ከላይ በስፖንጅ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገች። ነጩ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጣ። ወዲያው ጨርቁን ቀየረችው፤ የወጣውን ቀለም መልሶ እንዳይጠጣው ነው። ሰባት ጨርቅ ፈጀች። እያንዳንዱን «ሰማያዊ ነው» እያልኩ ለአባባ ቆጠርኩላቸው። ስምንተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ነጭ ነው» አልኳቸው።

ስክሪኑን መስኮቱ ላይ አነሣችው። ብርሃኑ በክንፉ፣ በጅራቱ፣ በጎጆው ክሮች አለፈ። ምንቃሩ አካባቢ ግን ጥቁር ነበር፤ ሮኬት በቲነር የፈተገው እዚያ ነው። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልላ መስታወት መጥረጊያ ፈሳሽ ውስጥ ነከረች፤ እሱንም ቀድማ ጥጉ ላይ ሞከረችው። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ አንዷን ክፍተት ነካ፣ ደረቅ ጥጥ ጫን አደረገች። ሁለተኛዋን ነካ፣ ጫን። ሮኬት እንኳ ቆሞ መቆየት ቻለ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሠራች በወፏ አፍ ያለችው የመጨረሻዋ ክር ብርሃን አሳለፈች።

ቀጭን በሚወርድ ውሃ አለቀለቀችው፣ ማራገቢያ ፊት አደረቀችው። ሮኬት ቲሸርት ይዞ ሲሮጥ፣ «ተው» አለችው። «መጀመሪያ ፊልም።»

ጠረጴዛው ላይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ አነጠፈች፣ ፕላስቲክ የሚይዝ ድፍን ጥቁር ቀለም ስክሪኑ ላይ አፈሰሰች። ያኔ ገባኝ። እዚያ ላይ የምትታተመው ወፍ ራሷ ፊልም ትሆናለች፤ ከእሷ የፈለጉትን ያህል ስክሪን ይሠራል። ይህን እስከዚያ ቀን አንዳችንም አላሰብነውም፤ ስክሪኑ አለ፣ ምን ቸገረን ብለን ነው የኖርነው።

«አባባ፣ ይዙሩ። የሚጎትቱት እርስዎ ነዎት።»

«በዚህ እጅ?»

«በዚሁ።»

ቀለሙን በስክሪኑ የምናሳልፍበትን የጎማውን መጎተቻ አስያዘቻቸው፣ በእጃቸው ላይ እጇን ጫነች። በአየር ላይ የሚርገበገበው እጅ ከባድ ነገር ሲደገፍ መንቀጥቀጫ ቦታ አጣ። አንድ ረጅም ስበት። ስክሪኑ ሲነሣ ወፏ ፕላስቲኩ ላይ ነበረች፤ ክሯ ሁሉ ሳይጎድል፣ እንደ ፀጉር ቀጥና። አባባ አፍንጫቸው እስኪነካው ተጠግተው ከጅራት እስከ ምንቃር አዩ።

«ይቺ የእኔ ናት» አሉ። «አንድም ክር አላጎደልሽም።»

ሁለተኛውን ሲጎትቱ ምራትየዋ መሐል ላይ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች። እሳቸው አላወቁም። መጨረሻው ላይ ደርሰው ወደ ታች ሲያዩ መጎተቻውን የያዘው የራሳቸው እጅ ብቻ ነው።

«ማን ነው የጎተተው?»

«እርስዎ።»

ሮኬት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ቲነሩ ነው አለ። ማንም አልተከራከረውም። አምስት ፊልም አትመን ገመድ ላይ ሰቀልን፣ ጥቁሩንም ከስክሪኑ አጸዳን፤ በመስኮቱ ብርሃን አምስት ወፎች ጎጆአቸውን ይሠራሉ። አባባ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«መቶ ሃያ ቲሸርት ይቀራል» አሉ። «ዘርጉልኝ።»