ባለቤትዎ ደህና ናቸው?

ጡረታ የወጣውን የአውቶቡስ ሾፌር ሰውነቱን ማሳከክ የጀመረው ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ገደማ ነበር። መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ቅልጥሙን፣ በመጨረሻ ጀርባውን ያዘው። ቆዳው ደርቆ ሲያክከው ነጭ ብናኝ ካልሲው ላይ ይረግፋል። ሳሙና ቀየረ፣ ዘይት ተቀባ፤ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን በሆስፒታሉ በኩል ሲያልፍ አጥሩ ላይ ማስታወቂያ አየ። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆነ፣ የቆዳ ድርቀትና ማሳከክ ያለባቸው ሰዎች ለአዲስ ቅባት ጥናት ይፈለጋሉ ይላል። “የሚፈልገኝ ተገኘ!” ብሎ በራሱ ቀለደና ገባ።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ነገሩን ዘርዝራ አስረዳችው። ግማሹ ሰው መድኃኒት ያለበት ቅባት ይሰጠዋል፤ ግማሹ ደግሞ ምንም የሌለበት። ማን የትኛው እንደደረሰው እሷም አታውቅም። ደምም ይወሰዳል።

“ደሙ ለምንድነው? የሚያሳክከኝ እኮ ቆዳዬ ነው” አለ።

“ማሳከክ አንዳንዴ ከሌላ በሽታ ጋር ይያያዛል፤ እሱንም አብረን እያጠናን ነው።”

ከዚያ ነርሷ በተራዋ ጥያቄዎቿን ጀመረች። ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ስታወራ እጇም አብሮ የሚያወራ ሴት ናት። “አባባ፣ ጀርባዎን የሚቀባልዎ ሰው ቤት አለ? ብቻውን የሚኖር ሰው አንቀበልም። የራስ እጅ እዚያ አይደርስም።”

“ባለቤቴ አለች” አለ።

የደነገጠው ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው። አሁን እንኳ ልመልሰው ብሎ አፉን ከፈተ። ነርሷ ግን ጽፋ ጨርሳ ነበር። “ጎሽ፣ ዕድለኛ ነዎት” አለችው።

እንዲህ ሆኖ በየማክሰኞው መመላለስ ጀመረ። ሸሚዙን አውልቆ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ነርሷ ጓንት በለበሰ ጣቷ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ ጀርባውን ትዳስሳለች፤ እርጥበት የምትለካበትን ትንሽ መሣሪያ እየጫነች ታነባለች። በሳምንት ውስጥ ሰውነቱን የሚነካው ሌላ ሰው የለም። ጎረቤቶቹ ከበር ላይ ሰላም ብለው ያልፋሉ፤ ልጁ ሩቅ አገር ስለሆነች በየእሁዱ ትደውልና “ደህና ነህ አባዬ?” ትለዋለች፤ “ደህና ነኝ” ይላታል፤ በዚሁ ያበቃል።

ነርሷ ግን ሥራዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ “ባለቤትዎ ደህና ናቸው?” ብላ ትጠይቀዋለች።

ሌላ ሰው መጠየቁን ከተወው ቆይቷል፤ የሞተን ሰው ማን ደህና ናት ወይ ይላል! የመጀመሪያ ቀን “ደህና ናት” ብሎ በአጭሩ አለፈው። በሁለተኛው “ጉልበቷን ትንሽ አሟታል” አለ፤ እውነትም በሕይወት ሳለች ጉልበቷን ያማት ነበር። በሦስተኛው “ትናንት ስትቆጣኝ ነው ያመሸችው፤ መስኮት ክፍት ትቼ” አለና ሳቀ፤ ነርሷም አብራው ሳቀች። “በሉ ሰላም በሉልኝ” አለችው። እሱም ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱ ትተኛበት ወደነበረው የአልጋ ጎን ዞሮ “ሲስተሯ ሰላም ብላሻለች” አለ። ወዲያው ግን አፈረና ያላለ ለመምሰል ጉሮሮውን ጠረገ።

ጀርባውን መቀባቱ አሳሩን ነው ያበላው። ማማሰያ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞከረ። አልሆን ሲለው ቅባቱን የበሩ መቃን ላይ ለቅልቆ እንደ አህያ ተፋተገ። ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሀል ነበር፤ በምንም አይደረስበትም።

አንድ ማክሰኞ ነርሷ መሣሪያዋን መሀል ጀርባው ላይ ደጋግማ ጫነች። “አባባ፣ ክንድዎ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል። መሀል ጀርባዎ ግን እንደ መጀመሪያው ነው። ባለቤትዎ እዚህ ጋ ይዘልሉታል እንዴ? በሚቀጥለው ይዘዋቸው ይምጡ፣ አሳያቸዋለሁ።”

“እህቷ ጋ ሄዳለች።”

በሚቀጥለው ሳምንት “አልተመለሰችም” አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ “ጉልበቷ ብሶባታል፣ ደረጃ አትችልም” አለ። እየዋሸ መሆኑ ሳይሆን ውሸቱ እያለቀበት መምጣቱ አስጨነቀው።

ከዚያ ዶክተሯ ደወለች። “የደምዎ ውጤት ደርሷል። ባለቤትዎን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው፤ የምግቡንም የመድኃኒቱንም ነገር አብረው ቢሰሙ ይሻላል።”

ብቻውን ሄደ። ዶክተሯ ወደ በሩ አየት አደረገችና ቀጠለች። “ኩላሊትዎ ደክሟል። ቅባቱ ድርቀቱን ቢያለሰልሰውም ማሳከኩ የሚመጣው ከውስጥ ነው። ደግነቱ ሳይከፋ ደርሰንበታል። ከጥናቱ ግን ይወጣሉ፤ ወደ ኩላሊት ክፍል እናስተላልፍዎታለን። ቤት ውስጥ ለባለቤትዎ…”

“ባለቤቴ የለችም” አለ ሾፌሩ። “ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ጀርባዬን የቀባልኝ ሰው የለም። የጀርባዬን ውጤት አትቁጠሩት።”

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነርሷ ግን ጥግ ላይ እንደቆመች ክው አለች።

“ታዲያ ያ ሁሉ ሰላምታ?”

“አድርሻለሁ” አለ አንገቱን ደፍቶ።

ነርሷ አልተቆጣችም፤ ቢሆንም ፊቷ ልውጥ አለ። ከመሳቢያው ከነማሸጊያው ያለ የጉልበት ማሰሪያ አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው። “ለጉልበታቸው ብዬ ነበር” አለች። ሾፌሩ ወደ ተዘጋው መሳቢያ ተመለከተ። ሚስቱ በሕይወት የነበረችበት አንድ ክፍል ይህ ብቻ ነበር፤ እሷንም አሁን በገዛ አፉ ቀበራት።

“ይቅር በይኝ ልጄ።”

“ምንም አይደል አባባ” አለች። ሸሚዙን አንስታ ልታቀብለው እጇን ዘረጋች፤ ዛሬ ግን ሸሚዙን አላወለቀም ነበርና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከሆስፒታሉ ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ለልጁ ደወለ።

“አባዬ? ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?”

“አይደለም። አሞኛል። ኩላሊቴን ነው ይላሉ።”

“እንዴ! ደህና ነኝ ስትለኝ የነበረው?”

“ለምዶብኝ ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኛል ልጄ። በጣም ነው ጭር ያለብኝ።”

ይህን ከእናቷ ቀብር ወዲህ ነግሯት አያውቅም። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማት፤ “በቃ፣ በቃ” እያለ ያባበላት እሱ ሆነ። ፈቃድ ስታገኝ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንደምትመጣ ነገረችው። “አትቸኩይ” አላት፤ ቶሎ እንድትመጣ ግን ሆዱ ለመነ።

ማክሰኞ ሲሆን ከልማዱ ተነስቶ ጢሙን ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ያለው ቁልፉን በእጁ ከያዘ በኋላ ነው። የኩላሊት ክፍሉ ቀጠሮ ገና ነው። ጥቂት ቆሞ አሰበና የሆነው ይሁን ብሎ ወጣ። መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ሰው ወጣ፣ ሰው ወረደ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወጣቱ ሾፌር ዞር ብሎ አየው።

“አባባ፣ መውረጃዎ አለፈዎት እንዴ?”

“የለም ልጄ። ዝም ብዬ ነው። አብሬህ ልመለስ።”

“ይሁን” አለ ወጣቱ፤ በሩንም ዘጋና ተነሳ።