የዶክተር ሲራክ ጓንት

ዶክተር ሲራክ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቢሾፍቱ ተምሮ ላምና ፍየል ሲያክም ኖረ፤ ጆሃንስበርግ ከገባ ወዲህ ግን እንጀራው የሚወጣው ከአሳማ ሆነ። ከእርሻ እርሻ እየዞረ አሳማዎቹ በወጉ መያዛቸውን ይመረምራል። ጋጣው ይበቃቸዋል ወይ፣ እናቲቱ እንደ ልቧ ትዞራለች ወይ፣ ግልገሎቹ የሚሞቃቸው ጭድ አላቸው ወይ እያለ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ካማረ መሥሪያ ቤቱ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ሰርተፍኬት ያለው አርቢ ደግሞ ለትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ይሸጣል። ክፉ ሥራ አይደለም። ችግሩ ሲራክ የተዋሕዶ ልጅ መሆኑ ነው።

አለመብላቱማ ቀላል ነው፤ ማን አስገድዶት! እሱ ግን መንካቱንም ይጸየፋል። ሚስቱ ፀገነት ትሮይቪል ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ለቱታውና ለቦት ጫማው ክዳን ያለው በርሜል አስቀምጣለታለች። «ስትሠራ የዋልከውን አትንገረኝ፤ ብቻ ታጥበህ ግባ» ትለዋለች። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙት ሰዎች ሥራውን ሲጠይቁት «እርሻ ነው» ይልና፣ የምን እርሻ ብለው ሳይጨርሱ ወሬ ይለውጣል።

ቅጹ ላይ አንዲት አስቸጋሪ ጥያቄ አለች። መርማሪው ጋጣው ውስጥ ገብቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። እናት አሳማዎቹ ቀርበው ካሸተቱት ሰው አይፈሩም ማለት ነው፤ ከሸሹ ግን የሚያስደነግጣቸው ሰው አለ። ሲራክ ይህችን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ነው የሞላት። እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል፣ «አይፈሩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። በሌላው ሁሉ እንከን የማይወጣለት ሰው፣ እዚህች ላይ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ሦስቱ ደቂቃ በቪዲዮ ተቀርጾ ካልመጣልኝ አልቀበልም አለ። ሲራክ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈ፤ ከዚያ ወደ ማማ ንቶምቢ እርሻ ነዳ።

ማማ ንቶምቢ ስድሳ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር የሰው ቤት ሲያጸዱ ኖረው፣ በሁለት አሳማ ጀምረው፣ ዛሬ አርባ እናት አሳማዎች አሏቸው። አምና በሲራክ ምርመራ ያገኙትን ሰርተፍኬት በመስተዋት አስገጥመው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ያ ወረቀት ዘንድሮ ካልታደሰ አሳማዎቻቸውን የሚወስደው ሱፐርማርኬት ያቋርጣቸዋል።

«ሳውቦና፣ ማማ» አለ ሲራክ በዙሉኛ ሰላምታ።

«ዬቦ ዶክተር። ና ግባ።»

ግቢው የመድኃኒት ሳሙና ሸተተው። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሲራክ በልቡ አመሰገናቸው። እስከ ክርኑ የሚደርሰውን አረንጓዴ ጓንት አጠለቀ፣ ስልኩን እንዲቀርጹበት ሰጣቸውና፣ የሆዱን በሆዱ ይዞ ጋጣው ውስጥ ገባ።

ቁጢጥ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ውስጥ ያሉት ስድስት እናቶች ሁሉ እየጮኹ ተነሥተው የወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተደራረቡ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። አንዷም አልቀረበችም። ቀጥሎ ያለው ጋጣ ገባ፤ እዚያም ያው ነው። ሲራክ ክው አለ። እንስሳ እንዲህ የሚሆነው በየቀኑ ሲዋከብ ነው፤ ይህን ለማወቅ ቢሾፍቱ መማርም አያስፈልግም።

«ማማ፣ ማነው የሚያስደነግጣቸው?»

ማማ ንቶምቢ ስልኩን እንደያዙ ጓንቱን አዩት። «ከእኔው ጓንት ጋር አንድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያው ከእርሻ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት። እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ጧትና ማታ ሳጥብ በመጥረጊያ እየገፋሁ፣ በውሃ ጎማ እያባረርኩ አስነሣቸዋለሁ።»

ሲራክ ጓንቱን ተመለከተ። ከዚያ፣ ስምንት ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ አወለቀውና ባዶ እጁን ዘረጋ። አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ እናት አንገቷን አስግጋ፣ ቆማ፣ ደግማ አስግጋ መጣች። መዳፉን አሸተተችው። አፍንጫዋ እርጥብና ሙቅ ነው፣ እንደ ጥጃ። ሌሎቹም ተከተሏት። የፈራው ማቅለሽለሽ አልመጣም፤ የመጣው ኀፍረት ነው።

«እንዴ፣ መጡ እኮ!» አሉ ማማ ንቶምቢ። «ተቀርጿል። ይህቺን ላክላቸው።»

መላክ ይችል ነበር። የጓንቱን ቪዲዮ አጥፍቶ የባዶ እጁን ቢልክ ወረቀቱ ይታደሳል፣ እሱንም ማንም አይጠይቀውም። ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ጧትና ማታ የሚያጥቡት ለምንድን ነው? በሳምንት ሁለቴ ይበቃ ነበር።»

ማማ ንቶምቢ በሩን አመለከቱ። «አምና እጅህን ኪስህ ከትተህ እዚያ በር ላይ ቆምክ» አሉ። «ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣህም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ሳጸዳ ቆሻሻ ነሽ ያለኝ ሰው የለም። ይህ ሰውዬ ሳይጸየፍ በሩን አልፎ የሚገባበት ንጹሕ ቤት አሳየዋለሁ ብዬ ማልኩ።»

 መርማሪ ተብሎ የመጣው እሱ ነው፤ መዓቱን ይዞባቸው የመጣውም እሱ ነው።

«ቤትዎ ቆሻሻ አልነበረም፣ ማማ። በእኛ ሃይማኖት አሳማ አይበላም፤ እኔ ደግሞ መንካቱንም ስጸየፍ ነው ያደግኩት። አምና ሳልገባ ነው አይፈሩም ብዬ የጻፍኩት። ዋሽቼ ነው።»

ማማ ንቶምቢ ስልኩን መለሱለት። ሊቆጡ ነው ብሎ ጠበቀ።

«ይህን አምና ብትነግረኝ ኖሮ» አሉት፣ «በሩ ላይ ወንበር አወጣልህ ነበር።»

ሲራክ ቅጹን አውጥቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ። ጓንት ያጠለቀ እጅ ይፈራሉ፤ ባዶ እጅ አይፈሩም። አምና መርማሪው ሳይገባ በር ላይ ቆሞ ውጤት ሰጠ፤ ባለቤቷ ቆሻሻ ተባልኩ ብለው ጧትና ማታ እያባረሩ ማጠብ ጀመሩ፤ ጥፋቱ የመርማሪው ነው። ስሙን ጽፎ ፈረመ። የጓንቱንም የባዶ እጁንም ቪዲዮ አያይዞ ላከ። ወረቀቱ አሳማዎቹ እስኪረጋጉ ሦስት ወር ይታገዳል፤ ሱፐርማርኬቱ ይጠብቅ አይጠብቅ አይታወቅም። በራሱ ሥራ ላይ የሚመጣውን ሰኞ ይሰማዋል።

ይህን ሲነግራቸው ማማ ንቶምቢ አልተከራከሩትም። ቢሮ ገብተው በመስተዋት ያለውን ሰርተፍኬት አውርደው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። ተመልሰው መጡና መጥረጊያውን ከጋጣው ውጭ አስደገፉ፤ ጓንታቸውን ሚስማር ላይ ሰቀሉ፤ ገብተው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። እናቶቹ አይተው አፈገፈጉ።

ሲራክ መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። ተመለሰ። ልማድ ነውና መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሌላ ባልዲ ፈልጎ ይዞ ገባና አጠገባቸው ቁጭ አለ።