ጽጌ ከክፍሉ አልወጣችም

በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። አባቴ ጣና ዳር ጀልባ ይሠራል፤ እኔ ወረቀት በትነሻል ተብዬ ባሕር ዳር ታሰርሁ። ትኩሳት ቢይዘኝ አንድ ጠባቂ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ጠባቂው ጠመንጃውን እንደያዘ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ሐኪሙ ልብሴን እንዳወልቅ ሲነግረኝ የቀሚሴን አንገት ጨብጬ ያዝሁ።

ነርሷ ጽጌ በእኔና በጠባቂው መሐል ገባች። «ሴት ስትመረመር አብራት የምትቆመው ሴት ናት። አንተ ውጣ!»

«ብታመልጥስ?»

«በሩ አንድ ነው፤ ደጁ ላይ ቁም።»

አፈሙዙን ወደ እሷ አዞረ። እሷ ግን አልተነቃነቀችም። እየተሳደበ ወጣ።

ሐኪሙ የተገረፈ ጀርባዬን አይቶ ቁስሉን ማጠብ ጀመረ። ጽጌ እጄን ያዘች።

«ሙኒራ፣ እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

ጠባቂው በሩን ደበደበ።

«ተስቦ ነው! እዚህ ትተኛለች» ሲል ሐኪሙ ጮኸ።

ጠባቂው በሽታውን ፈርቶ ሲሸሽ ኮቴው ተሰማን። እንዲያም ሆኖ የጽጌን እጅ አልለቀቅሁም።