የትርሲት ተመስገን

መምህር ይበልጣል ልቡ ከታመመ ወዲህ እያደር መንምኗል። ሆሳዕና ውስጥ ያስተማራቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት እሱ መሆኑን እየተጠራጠሩ ነው ሰላም የሚሉት። ሚስቱን ትርሲትን ግን ከበሽታው ይልቅ ያንገበገባት የሰው አፍ ነበር። በሙያዋ የተመሰገነች ሴት ባሏ እንዲህ ከስቶ ሲታይ ሰው ምን ይላል? የሚለውንማ አሳምራ ታውቃለች፤ እሷም በሌላዋ ላይ ብላዋለች።

ስለዚህ ትቀልበው ጀመር። ጠዋት ቅቤ የጠገበ የቡላ ገንፎ፣ ቀን ቅቅል፣ ማታ ደግሞ ሌላ። ሁለቴ ቀምሶ "በቃኝ" ሲል ትቆጣዋለች።

የማርያም ማኅበር ቤቷ የወጣ ዕለት ጎረቤቷ ባለሱቋ ብርቅዬ፣ "ምነው ትርሲት፣ ጋሼን ጾም አስያዝሽው እንዴ?" ብላ ቀለደች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ትርሲትም አብራ ሳቀችና ትልቅ አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገመችው። አልበቃትም፣ ሠለሰችው። ሦስተኛው ጉሮሮው ላይ ቀረና በሰው ፊት አስመለሰው። ሸሚዙን እየጠረገችለት እንኳ ዓይኗ ማን እንዳየ ይቃኝ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ክንዱንና ጭኑን ዳሰሰች።

"እማማ፣ ይሄ የረሃብ ክሳት አይደለም" አለች። "ልብ ለረጅም ጊዜ ሲታመም በሽታው ራሱ ጡንቻን ይጨርሳል። አንዱን እንዲህ አድርጎ ሌላውን ለምን እንደሚተው እኛም ገና በቅጡ አናውቅም። የቱንም ያህል ቢያበሏቸው የሄደው ሥጋ በቀላሉ አይመለስም። በግድ አያጉርሷቸው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ።"

"ተመስገን!" አለች ትርሲት። አመለጣት። "እኔ አላስራብኩትማ!"

የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፍ የነበረው የይበልጣል እጅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። ትርሲት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ባሏ ሥጋህ እያለቀ ነው ሲባል፣ እሷ የሰማችው የራሷን ስም ብቻ ነበር።

ባጃጁ ሰፈር ሲያደርሳቸው ብርቅዬ ከሱቋ ብቅ አለች።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ ምን አሉ?"

ይበልጣል የባጃጁን ብረት ይዞ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ።

"በሽታ ነው እንጂ ረሃብ አይደለም አሉ፣ ብርቅዬ። ትርሲት... ደህና አድርጋ አብልታኛለች።"

ትርሲት ይህን ቃል ብርቅዬ እንድትሰማ ስንት ወር ሙሉ ናፍቃለች። አሁን ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ቀና ማለት አቃታት። ልትደግፈው ክንዱን ስትይዝ ጣቶቿ ዙሪያውን አልፈው ተነባበሩ። ስታጎርሰው ከርማ፣ ክንዱን አንድ ቀን እንኳ ይዛው አታውቅም ነበር።